በር የከፈተ ሙዚቀኛ፦ ከኤልያስ መልካ ስቱዲዮ እስከ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ

(ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሙዚቃ ነው። መድረክ ላይ የሚቆመውን ሰው ሁላችሁም ስለምታውቁት ስለ እሱ ብዙ አልናገርም። የማነሳላችሁ የካሴት ሽፋን ተገልብጦ ሲታይ ከታች በትንንሽ ፊደል «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ከሚለው ጎን ስሙ የሚጻፈውን ሰው ነው። ያ ሰው ብዙ ጊዜ የአንድ ጠባብ ክፍል ባለቤት ነው። እኔ እንደምረዳው፣ የአንድ ሰፈር ሙዚቃ ከተኛበት የሚነሳው እንዲህ ያለ ሰው በሩን ከፍቶ ሲጠብቅ ነው፤ ተነስቶ የሚቆየው ደግሞ ሒሳቡ በትክክል ሲያዝ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ወደዚህ የሚያመራ ነው።

መጀመሪያ ያለንበትን እንይ። በእነዚህ ሦስት ከተሞች ድምፅ ያለው ልጅ ሞልቷል። በየሠርጉ፣ በየመዘምራኑ፣ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ሁሌም «ይሄ ልጅ የት ይደርስ ይሆን?» የሚባልለት አይጠፋም። ልጁ ግን አንድ ዘፈን ልቅረጽ ሲል መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነው። የሰበታው በአለም ገና አድርጎ አየር ጤና ይወርዳል፣ የቡራዩው በአስኮ ይገባል፣ የሱሉልታው እንጦጦን ተሻግሮ አዲሱ ገበያ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ ሒሳቡ በሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ዘፈኑ ባይጠናቀቅም ይወጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ገንዘቡ ሲያልቅ ይተወዋል። እኛም «ሰፈራችን ሙዚቀኛ አላበቀለም» እንላለን። ጠፍቶ የቆየው ግን ክፍሉ ነው።

ክፍል ሲገኝ ምን እንደሚሆን ለማሳየት ከቅርብ ዘመናችን ከኤልያስ መልካ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የኤልያስ ክፍል

ኤልያስ መልካ በኅዳር 1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለደ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረው ቼሎ ነው። ቼሎ በጉልበት መሃል ተይዞ በደጋን የሚመታ ትልቅ ባለ አውታር መሣሪያ ነው። በአገራችን ቼሎ ተምሮ የወጣ ሰው የሚቀጠርበት ኦርኬስትራ እንደልብ አይገኝም፤ ስለዚህ ኤልያስም እንደ ብዙዎቹ በባንዶች ውስጥ ተጫወተ፣ ቀስ በቀስም ወደ ቅንብር ገባ። በኋላ «በገና ስቱዲዮ» ብሎ የሰየመውን ክፍል ከፈተ።

ጊዜውን አስታውሱ። በ1990ዎቹ የሙዚቃ ገበያችን በኪቦርድ ተጥለቅልቆ ነበር። የነሐስ መሣሪያ ተጫዋቾችን፣ የጊታርና የድራም ሰዎችን ሰብስቦ ማስቀረጽ ውድ ስለሆነ አንድ ኪቦርድ የሁሉንም ሥራ ይሠራ ነበር። ሥራ ያቀለለው መሣሪያ ዘፈኖቹን ሁሉ አመሳሰላቸው። የአንዱን አልበም መግቢያ ሰምቶ የሌላው ነው ብሎ መሳሳት የተለመደ ነበር። በዚህ ላይ ካሴት ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላ ቅጂው በየአደባባዩ ስለሚቸበቸብ ገንዘብ ያለው አሳታሚ የሚደፍረው የታወቀ ስም ላይ ብቻ ነበር። አዲስ ድምፅ በር አልነበረውም።

ኤልያስ ያደረገው ነገር እዚህ ላይ ይታያል። ዘሪቱ ከበደ የመጀመሪያ አልበሟን ስታወጣ ከእሱ ጋር ነበረች። ጅጅጋ ያደገው እዮብ መኮንን በምሽት ክበቦች ሬጌ ሲዘፍን ቆይቶ «እንደ ቃል» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን የሠራው ከእሱ ጋር ነው። ሚካያ በኃይሉም «ሸማመተው»ን ከእሱ ጋር ሠራች። ሦስቱም አልበሞች ከ1997 ዓ.ም. እስከ ሚሌኒየሙ ዋዜማ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ የወጡ ናቸው። ሦስቱም ድምፃውያን ያኔ በአልበም ስም ያልነበራቸው ነበሩ። ሦስቱን አስከትላችሁ ብትሰሙ ደግሞ አንዱ ሌላውን አይመስልም። የዘሪቱ ዘፈን ለዘሪቱ፣ የእዮብም ለእዮብ ተብሎ የተሰፋ ነው። ኤልያስ ብዙ ጊዜ ቅንብሩን ብቻ ሳይሆን ግጥሙንና ዜማውንም ይሠራ ስለነበር ልብሱን ከጨርቁ ጀምሮ በሰውዬው ልክ ማውጣት ይችል ነበር።

የክፍሉ ባለቤት ራሱ ሙዚቀኛ መሆኑ ለምን ይጠቅማል ብትሉኝ መልሴ ይኸው ነው። ባለንብረቱ ነጋዴ ብቻ ከሆነ የሚሸጠው ሰዓት ነው። ሙዚቀኛ ከሆነ ግን ያልታወቀ ልጅ ገብቶ አንድ ስንኝ ሲያዜም የሚሰማው ሌላ ነገር አለ፤ ያን ከሰማ ሰዓቱን መቁጠር ይተዋል። ይህ ቸርነት ይመስላል። በእውነቱ ግን የሙያ ዓይን ነው፤ ኋላ የሚከፍለውን ነገር ከሌላው ሰው ቀድሞ ያየዋል።

በክፍሉ ውስጥ ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ስቱዲዮን ማይክራፎንና ኮምፒውተር ያለበት ቤት አድርጎ ነው የሚያስበው። አንድ ዘፈን እንዴት እንደሚሠራ ጠጋ ብለን እንየው።

ድምፃዊዋ ዜማዋን ይዛ ትመጣለች። አቀናባሪው ጊታር ወይም ኪቦርድ ይዞ መጀመሪያ ቅኝቱን ይለያል፤ ትዝታ ነው፣ ባቲ ነው፣ አምባሰል ነው ወይስ አንቺሆዬ? ይህን ሳይለዩ ኮርድ መደርደር መዘዝ አለው። ትዝታ በሜጀሩ ሲሆን የፈረንጁን ኮርድ በቀላሉ ይቀበላል። አንቺሆዬ ግን ከአምስቱ ድምፆች መካከል በጣም የተጠጋጉ ስላሉ የተለመደው ኮርድ ሲጫንበት ይጣላል። ችኩል አቀናባሪ ዜማውን ቆርጦ ለኮርዱ ያመቻቸዋል። የሠለጠነው ኮርዱን ያሳንስና ለዜማው ቦታ ይለቅለታል። የኢትዮጵያ ዘፈን ሆኖ የሚቀረውና የማይቀረው የሚለየው ብዙ ጊዜ በዚህች ውሳኔ ነው።

ቀጥሎ ምቱ ይመጣል። ድምፃዊዋ በጆሮ ማዳመጫዋ የማያቋርጥ የክሊክ ድምፅ እየሰማች፣ ሁሉም መሣሪያ በኋላ እንዲገጣጠም፣ በዚያ ልክ ትዘፍናለች። እዚህ ላይ ማሲንቆ ተጫዋች ቢገባ ችግር አለ። ማሲንቆ ከዘፋኙ ትንፋሽ ጋር የሚሄድ መሣሪያ ነው፤ ግጥሙ ሲረዝም ይረዝማል፣ አዝማሪው ሰው ሲያሞግስ ይጠብቀዋል። በክሊክ ሲያስሩት ይደርቃል። ጥሩ ባለስቱዲዮ ክሊኩን አጥፍቶ መጀመሪያ ማሲንቆውንና ድምፁን አብሮ ይቀርጻል፤ ከበሮውንና ቤዙን ኋላ በእነሱ ላይ ያስከትላል። ሥራው ይበዛበታል፤ ዘፈኑ ግን ሕይወት ያገኛል።

ከዚያ በኋላ ሚክሲንግ አለ፤ የትኛው ድምፅ ፊት ይውጣ፣ የትኛው ወደ ኋላ ይሁን የሚባልበት። መጨረሻ ማስተሪንግ አለ፤ ዘፈኑ በትልቅ ስፒከርም፣ በታክሲ ሬዲዮም፣ በስልክም ሲሰማ እንዳይበላሽ የሚስተካከልበት። በዚህ ሁሉ መሃል ጥግ ላይ ተቀምጦ ኬብል የሚጠቀልል፣ ሻይ የሚያመጣ አንድ ልጅ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ማንም አስተማሪ ሳይመድብለት ጆሮው ይሠለጥናል። ክፍሉ ያለ ደወልና ያለ ጥቁር ሰሌዳ ትምህርት ቤት ይሆናል። ስቱዲዮ ለሰፈር የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ከአልበሙ ይልቅ ይህ ልጅ ይመስለኛል።

በሌላው ዓለምም ታሪኩ ይመሳሰላል። ዓለም ሬጌ ብሎ የሚያውቀውን ሙዚቃ ካሳደጉት ቦታዎች አንዱ በጃማይካ በኪንግስተን ክሌመንት ዶድ በ1963 እ.ኤ.አ. የከፈተው ስቱዲዮ ዋን ነው። ዶድ እሑድ እሑድ በሩን ከፍቶ የሰፈሩን ልጆች ድምፅ ይፈትን ነበር። ቀኑ የታወቀ ስለነበር የድሀው ሰፈር ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ተለማምዶ ይመጣል። ያው ስቱዲዮ ግን ሌላም ነገር ያስተምረናል፤ እዚያ የሠሩ ሙዚቀኞች በኋላ «የድካማችንን ዋጋ አላገኘንም» ብለው ዕድሜ ልካቸውን አማርረዋል። ክፍሉ ነበረ፤ ሒሳቡ አልነበረም።

ሒሳቡ

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በእኛ አገር ስለ ሙዚቃ ስናወራ ገንዘብ ማንሳት ነውር ይመስለናል። ሙዚቀኛ ሲቸገር ግን ቴሌቪዥን ላይ እርዳታ እናሰባስብለታለን። ቀድሞ የሠራው ሥራ ቢከፍለው ኖሮ ርጥባናችንን ባልፈለገ ነበር።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለማየት ወደ ኋላ እንመለስ። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስቀረጽና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አቶ አምኃ እሸቴ የሚባሉ ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ወጣት ፒያሳ የሙዚቃ መደብር ነበራቸው። በ1961 ዓ.ም. ያንን ሞኖፖል ተዳፍረው አምኃ ሪከርድስን አቋቋሙ። ሸክላው መጀመሪያ በሕንድ፣ በኋላ በሊባኖስ ይታተም ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ አልበሞችን አወጡ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚያዳምጠው ሙዚቃ ብዙው በእሳቸው ድፍረት የተቀረጸ ነው። በ1967 ዓ.ም. አገር ጥለው ሲወጡ ያ በር ተዘጋ።

ከዚያ ካሴት መጣ። ሰዓት እላፊ የምሽት ክበቡን ሲያፈዝዘው ሙዚቃው በካሴት ቤት ለቤት ይዞር ነበር። የሙዚቃ ቤቶች የሚባሉት አሳታሚዎች ባይኖሩ ያ ዘመን ዝም ብሎ ያልፍ ነበር፤ ይህ ውለታቸው ነው። አሠራሩ ግን ይህ ነበር፦ ድምፃዊው አንድ ጊዜ ተደራድሮ ገንዘቡን ተቀብሎ ማስተሩን ያስረክባል፤ ካሴቱ አንድ ሺሕ ቢሸጥም መቶ ሺሕ ቢሸጥም ከዚያ ወዲያ የሚመጣ የለም። ግጥም ደራሲውና ዜማ ደራሲው ደግሞ ከድምፃዊው እጅ የሚደርሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። አቀናባሪው ሌላ ሥራ ያገኝ እንደሆን በሚቀጥለው ካሴት ነው።

ሕጉ ዘግይቶም ቢሆን ወጥቷል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ባለመብቶች በጋራ ማኅበር ተደራጅተው የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበትን መንገድ አመቻቸ። እዚህ ያላችሁ የካፌ፣ የሆቴልና የአውቶቡስ ባለቤቶች ይህን ልብ በሉት። ደንበኛችሁን ለመሳብ የምታጫውቱት ዘፈን ባለቤት አለው።

ኤልያስ ይህን ጉዳይ ከቃል አሳልፎ ወደ ሥራ ወስዶታል። ከሙያ ባልደረቦቹ ከኃይሌ ሩትስ፣ ከዮሐንስ በቀለና ከዳዊት ንጉሡ ጋር ሆኖ አውታር የተባለ የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ አቋቋመ፤ በ2011 ዓ.ም. ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሥራ ጀመረ። አድማጩ ከስልኩ ሒሳብ እየከፈለ ዘፈን እንዲገዛ፣ ድርሻውም ለባለመብቶቹ እንዲከፋፈል ተደርጎ የተሠራ ነው። በአንድ ጊዜ ክፍያ ይወሰን የነበረው ነገር በሽያጭ ይቆጠር ጀመር። ኤልያስ ግን የዚህን ፍሬ ለማየት ብዙ ጊዜ አልተሰጠውም። መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። በአዋጁ መሠረት የድርሰቶቹ መብት ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። ስሙን ስንጠራ ይህንንም አብረን ብናስታውስ እሱ የደከመበትን ሥራ እናከብራለን።

ሰፈሩ ሲፈርስ

አንድ ሰው ክፍል ከፍቶ ሰፈር እንደሚያነሳ ተነጋገርን። ሰውዬው ወይም ክፍሉ ሲሄድስ?

ካዛንቺስን እንውሰድ። በአንድ ዘመን አዝማሪ ቤቶች በርከት ብለው ይገኙበት የነበረ ሰፈር ነው። እየተመናመኑ ሲሄዱ ፈንድቃ የተባለውን አዝማሪ ቤት ይዞ የቆመው መላኩ በላይ ነበር። መላኩ እስክስታ ተወዛዋዥ ነው። በዚያው ቤት እንግዳ በሚሸልመው ገንዘብ እየጨፈረ፣ ማታ ባሩ ሥር እየተኛ የኖረባቸው ዓመታት አሉ። በኋላ ቤቱን ተረክቦ መሪው ሆነ። ኢትዮ ከለር የተባለውን ቡድን አቋቋመ፣ ግጥም ማንበቢያ ምሽት ጨመረ፣ የሥዕል ማሳያ ከፈተ። ቱሪስቱም የሰፈሩ ሰውም በአንድ አግዳሚ ወንበር የሚቀመጡበት ቤት ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ሲፈርስ ፈንድቃም አብሮ ፈረሰ። ሰዎቹ ሥራቸውን ባያቆሙም፣ ሙዚቃው ከሰፈሩ ጋር የነበረው ዝምድና ግን በዶዘር ተቆርጧል።

ፒያሳም ተመሳሳይ ነገር አይቷል። ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር ከባልደረቦቹ ጋር በጣይቱ ሆቴል ጃዛምባን ሲከፍት አዲስ አበባ ሳምንቱን ሙሉ በቀጥታ የሚጫወት ሙዚቃ የሚሰማበት ቤት አገኘች፤ ያረጁ ድምፃውያንም እንደገና መድረክ አገኙ። በጥር 2007 ዓ.ም. የተነሳው እሳት ያን ቤት በላው። ግሩም፣ አበጋዝ ክብረወርቅና ሔኖክ ተመስገን ግን በዚያው ስም የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነበራቸው። አዳራሹ ሲቃጠል ትምህርቱ አልተቃጠለም። ልዩነቱን አስተውሉ፤ ዕውቀቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ብቻ ባለመቀመጡ ከእሳቱ ተረፈ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሰፈርን የሚያነሳው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ተሸክሞ የሚቆየው ግን አንድ ሰው ሊሆን አይገባም። ባለስቱዲዮው ሲታመም፣ ኪራይ ሲጨምር፣ መንገድ ሲሰፋ የሚጠፋ ሙዚቃ ሰፈሩ ገና አልያዘውም ማለት ነው።

ሰፈሩ የያዘውን ደግሞ ድሬዳዋ ላይ እናያለን። በ1950ዎቹ አጋማሽ አፍረን ቀሎ የተባለ የወጣቶች ቡድን በሠርግና በበዓል በኦሮምኛ መዝፈን ሲጀምር ያን ቋንቋ የሚያስተናግድ መድረክ በአገሪቱ እምብዛም አልነበረም። ገንዘብም ስቱዲዮም አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የሰፈሩ ሰው ነው። ከመሃላቸው ገና በልጅነቱ የወጣው ዓሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር ያዘነለት ሰው ሆኖ ነበር። እነዚህ ሦስት ከተሞች ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ግቢ የሚነገርባቸው ናቸው። እዚህ የሚከፈት ክፍል በሁለቱም ቋንቋ ካልቀረጸ የግማሹን ጎረቤቱን ድምፅ ሳይሰማ ይቀራል።

ሱሉልታ የሚያስተምረን

የሱሉልታ ሰዎች፣ ተሰጥኦ እንዴት ቦታ እንደሚያገኝ መልሱ በደጃችሁ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላላችሁ አየሩ ሯጭ ያጠነክራል። አየሩ ግን ከጥንትም ነበረ። ሱሉልታ የአትሌቶች ከተማ ተብላ የታወቀችው ሰዎች ማደሪያ ሲሠሩ፣ ሯጩ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ሲያሠራ፣ አሠልጣኞች ማልደው በታወቀ ሰዓት ሲገኙ ነው። ዛሬ የውጭ አገር ሯጭ ሳይቀር ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። ተሰጥኦው ነበረ፤ የጎደለው ቦታ፣ ሰዓትና ታላቅ ሰው ነበር። ለሩጫ ያደረጋችሁትን ለዘፈን ማድረግ አያቅታችሁም።

ከዚህ በኋላ ያለው የተግባር ምክር ነው፤ በተለይ ወጣቶች ያዙልኝ።

ስለ ክፍሉ፦ ብዙዎቻችሁ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ በከተማው ሁሉ የተለመደ ነው፤ ካርቶኑ ግን የክፍሉን ቀጭን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ የውጭውን ጫጫታ አያስቀርም፣ የእናንተንም ድምፅ ከጎረቤት አይደብቅም። ድምፅን የሚያግዱት ክብደትና የክፍተት አለመኖር ናቸው። በሩንና መስኮቱን በወፍራም ነገር ድፈኑ፤ ውስጡን በከባድ ብርድ ልብስና በፍራሽ አልብሱ። የቆርቆሮ ጣሪያ ላላችሁ ክረምት ትልቁ ጠላታችሁ ነው። ዝናብ ሲወርድ የድምፅ ቀረጻ ስለማይታሰብ በከሰዓቱ ዝናብ ሰዓት ቅንብሩን በጆሮ ማዳመጫ ሥሩ፤ ድምፁን ማለዳ ቅረጹ። መብራት እንደሚጠፋ አስቀድማችሁ አስቡና እያንዳንዱን ቅጂ ወዲያው በሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ስለ ገቢው፦ አልበም ብቻ ጠብቆ የሚኖር የሰፈር ስቱዲዮ አይቆይም። የሚያኖረው የመዝሙር ቀረጻ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የሱቅና የፋብሪካ ማስታወቂያ ነው። ሰበታና ቡራዩ ፋብሪካ አላቸው፣ ሠርግ ደግሞ በሦስቱም ከተሞች አይጠፋም። በዚህ ገቢ ክፍሉን አቁሙና ከሳምንቱ አንድ ቀን ለማይከፍል አዲስ ልጅ ክፈቱ። ቀኑ አይቀያየር። ልጁ ቀኑን ካወቀ ይዘጋጃል፤ ካላወቀ ይቀራል።

ስለ ሒሳቡ፦ ወንድማማች ብትሆኑም ተፈራረሙ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ግጥሙ የማን ነው፣ ዜማው የማን ነው፣ ቅንብሩ የማን ነው፣ ማስተሩ በማን እጅ ይቀመጣል፣ ከሚመጣው ገንዘብ ለማን ስንት ይደርሳል። ይህን ወረቀት ዘፈኑ ሳይታወቅ በፊት መጻፍ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ግን ጓደኛ ያጣላል፣ ፍርድ ቤት ያደርሳል።

ስለ ተማሪው፦ ኬብል የሚጠቀልለውን ልጅ አትናቁት። ልጃገረዶችንም ከማይክራፎኑ ፊት ብቻ አታቁሙ፤ ከማሽኑ ጀርባ አስቀምጧቸው። ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። የስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር ባለበት ኮምፒውተር ዓይነ ስውር ሰው ቀረጻና ሚክሲንግ ሊሠራ ይችላል። በዓለም ዙሪያ የሚሠሩም አሉ። ይህ ትምህርት ቤት ቅርባችን ሆኖ በራችንን ለተማሪዎቹ ካልከፈትን ኪሳራው የእኛ ነው።

የአስተዳደር ሰዎችም እዚህ ትኖራላችሁ። ሦስቱ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ ፕላኑ እንደገና እየተሣለ ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው። መንገዱና ገበያው ሲታሰብ የሙዚቃ ቤት ቦታም በፕላኑ ላይ ይግባ። የኪራይ ውሉ ረዘም ይበል፤ ቤቱ ሲነሳ ምትክ ቦታ እዚያው ሰፈር ውስጥ ይታሰብለት። በብዙ የወጣት ማዕከል ተቆልፈው አቧራ የለበሱ አዳራሾች አሉ። ቁልፉን ለአንድ የታመነ ሙዚቀኛ በኃላፊነት መስጠት አዲስ ሕንፃ ከመገንባት ይቀላል።

አባቶችና እናቶች፣ የእናንተም ድርሻ አለ። በየቤታችሁ የሠርግ ዘፈኑን፣ ሽለላውን፣ ጌረርሳውን፣ የእናት እሹሩሩን የሚያውቁ አረጋውያን አሉ። አንድ ሰው ስልክ ይዞ መጥቶ «ልቅረጽዎ» ሲል አትግፉት። ልጃችሁ «ሙዚቃ ልማር» ሲልም መጀመሪያ የምትጠይቁት «ይህ ሥራ ያበላል ወይ?» ነው፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ እስከ ዛሬ «አያበላም» የነበረው ሙያው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ዋጋው ለሠራው ሰው ስለማይደርስ ነው። ዘፈን ስትገዙ፣ የሠርግ ባንድ ቀብድ በጊዜው ስትከፍሉ፣ ሰርክ ለምትሰሙት ሙዚቃ ሒሳብ ስትከፍሉ ያንን መልስ እየቀየራችሁት ነው።

በሚቀጥሉት ወራት ከእያንዳንዳችሁ ከተማ አንድ ክፍልና አንድ ቀን ይመረጥ። ክፍሉ የግል ቢሆን፣ የወጣት ማዕከል ቢሆን፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ ቢሆን ግድ የለም። በሩ ላይ ቀኑና ሰዓቱ በአማርኛና በኦሮምኛ ይጻፍ፤ ውስጥ አንድ ሙዚቀኛና አንድ የሒሳብ መዝገብ ይኑር። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ልጅ ብቻ ቢመጣም በሁለተኛው ሳምንት እንዳይዘጋ። ያን ለማስጀመር ስማችሁን ለማስመዝገብ የምትፈልጉ ባለሙያዎች፣ ቦታ ያላችሁ ነዋሪዎችና መሣሪያ የምታውሱ ሰዎች ከዚህ ንግግር በኋላ እዚሁ ቆዩ፤ ዛሬ ከመለያየታችን በፊት ቀኑን እንቁረጥ።